የቆመ መኪናና ባትሪው

መኪና በሠራ ቁጥር ያልቃል። ጎማው ይበላል፣ ፍሬኑ ይሳሳል፣ ዘይቱ ይጠቁራል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የባትሪው ነገር ግን ለየት ይላል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ባትሪ ለዓመታት ሲያገለግል፣ ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪ በአንድ ክረምት ሊሞት ይችላል። እንዴት ነው ነገሩ?

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ፒክአፕ መኪና አለው እንበል። እስከ ሰኔ ድረስ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመላልሳል። ከዚያ ዝናቡ ይበረታል፤ የሚጫን ነገር ስለማይኖር መኪናው ከመጋዘኑ አጠገብ ይቆማል። እህል የሚጫነው ደግሞ አውድማው ከተነሣ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ምጥ የጠናባት ሴት ትኖራለች። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ሾፌሩ ተቀስቅሶ ይመጣል፣ ቁልፉን ያዞራል፣ መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ነዳጅ አለ፣ ሾፌር አለ፣ መንገዱም ጠጠር ነው፣ ያስኬዳል። የጠፋው ባትሪው ውስጥ መኖር የነበረበት ኃይል ነው።

ባትሪን እንደ ጎተራ ቁጠሩት። ጎተራ እህል ያስቀምጣል፤ ባትሪ ደግሞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያስፈልገውን ኃይል ያስቀምጣል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ኃይል እያመነጨ ወደ ጎተራው ይመልሳል። ስለዚህ የሚነዳ መኪና ጎተራው አይጎድልበትም።

የመኪና ባትሪ በብዛት የሚሠራው ከእርሳስ ነው። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለት አይደለም፤ አረር የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ይህን ዓይነት ባትሪ በ1859 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሠራ። ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። ሣጥኑ ውስጥ 6 ክፍሎች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል የእርሳስ ሰሌዳዎች ውሃና አሲድ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ቆመዋል። አንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ይሰጣል። 2.1 በ6 ሲባዛ 12.6 ይሆናል። «ባለ 12 ቮልት ባትሪ» የሚባለው ይኸው ነው። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አያይዘው 24 ቮልት ያደርጉታል።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ይዋሐድና በሰሌዳዎቹ ላይ ነጣ ያለ ልባስ ይሠራል። ዲናሞው መልሶ ሲሞላው ልባሱ ይለቃል። ባትሪው ጎድሎ ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ልባሱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ይጋግራል። ከጋገረ በኋላ ብዙው አይለቅም። ጎተራው ያለ ይመስላል እንጂ እህል የሚይዘው ቦታ ጠቧል። ቆሞ የከረመ ባትሪ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

«መኪናው ጠፍቶ ቆሟል፣ ኃይሉን ማን ወሰደው?» ትሉ ይሆናል። የዛሬ መኪና ጠፍቶም ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የሌባ ደወሉ ይጠብቃል፣ ሬዲዮው ጣቢያውን ያስታውሳል። ጂፒኤስ የተገጠመለት ከሆነ እሱም ይጠባል። ሁሉም ተደምረው 50 ሚሊ አምፔር ይወስዳሉ እንበል። 1000 ሚሊ አምፔር 1 አምፔር ነው። አሁን እናስላ። 50 በ24 ሰዓት ሲባዛ 1200 ይሆናል፤ ይህም በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። በ30 ቀን 36 ይሆናል። ባትሪው ባለ 70 አምፔር ሰዓት ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። ሐምሌ 1 ቀን ሞልቶ የቆመ መኪና ነሐሴ ሳያልቅ ባዶ ይሆናል። ምንም ነገር ባይጠባው እንኳ ባትሪ በራሱ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ በሙቀት አገር ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ሾፌሮች አንድ መድኃኒት ያውቃሉ። ጠዋት መጥተው ሞተሩን ያስነሳሉ፣ 5 ወይም 10 ደቂቃ ባለበት አቁመው ያጠፋሉ። «አሙቄዋለሁ» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ነዳጅ መፍጀት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው ብዙ ኃይል አያመነጭም። ባትሪውም ቢሆን ቶሎ አይጠጣም፤ እየሞላ ሲሄድ አቀባበሉ ይዘገያል። 36 አምፔር ሰዓት የጎደለው ባትሪ በ10 ደቂቃ አይሞላም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ሞተሩም በቅጡ ሳይግል ስለሚጠፋ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል። የሚበጀው በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት፣ መንገድ ላይ መንዳት ነው። ወደ ወረዳ ከተማ የሚሄድ ጉዳይ ካለ ከዚሁ ጋር ማያያዝ ነው።

መንዳት ካልተቻለስ? ያን ጊዜ የባትሪውን ገመድ መፍታት ነው። ባትሪው ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ በሒሳብ ትምህርት የምታውቋቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ናቸው። መጀመሪያ የሚፈታው የመቀነስ (−) ምልክት ያለበት ነው። ይህን አትርሱ። የመደመሩን (+) አስቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን አካል ከነካ እሳት ይረጫል፣ እጅ ያቃጥላል። ሲታሠር ደግሞ በተቃራኒው፣ የመደመሩ መጀመሪያ፣ የመቀነሱ መጨረሻ። ዋናው ዓላማ መጥባቱን ማቆም ከሆነ የመቀነሱን ብቻ ፈትቶ ገመዱን ራቅ አድርጎ ማሠር ይበቃል። እንዲህ የተደረገለት ደኅና ባትሪ ሁለት ወር ቢቆይም ያስነሳል። ችግሩ ግን ሌሊት ለሚመጣ ጉዳይ መፍቻውና ቁልፉ አንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። ሾፌሩ ቤት ተቀምጦ መፍቻው መጋዘን ውስጥ ከተቆለፈበት ምን ዋጋ አለው?

ዛሬ ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም ሶላር ነው። ባለ 10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በደኅና ፀሐይ ከግማሽ አምፔር ትንሽ የሚበልጥ ይሰጣል። በክረምት በቀን የ3 ሰዓት ፀሐይ ብናገኝ 1.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከላይ ያሰላነውን 1.2 ይሸፍናል ማለት ነው። ደመና ለሚበዛበት አገር ባለ 20 ዋት ይሻላል። ሰሌዳው ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለእጅ ፋኖስ የሚሸጠው ትንሹ ሰሌዳ አይሆንም። በመካከሉም ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ኮንትሮለር ይገባል።

ባትሪው መሙላቱን በምን እናውቃለን? መካኒኮች ቴስተር የሚሉት መለኪያ አለ፤ ቁጥር የሚያነብ ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። መኪናው አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ይለካል። 12.6 ካሳየ ሞልቷል። 12.4 ሩቡ ጎድሏል፤ 12.2 ግማሹ ነው። 12 ካሳየ የቀረው ሩብ ብቻ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ከተማ ወስዶ ቻርጅ ማስደረግ ያስፈልጋል። ሞተሩ በርቶ ሲለካ ደግሞ ወደ 14 ገደማ ማሳየት አለበት። ያን ካላሳየ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቺንጊያው ሊሆን ይችላል። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ጻፉት፤ ባትሪው መድከም ሲጀምር ከቁጥሮቹ ላይ ይታያል።

በነገራችን ላይ ባትሪውን ከመኪና አውርዶ ለሠርግ መብራት ማብራት የተለመደ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ አድሮ ከደረቀ ይጎዳል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃው ሲጎድል በጋራዥ የሚሸጠው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል። የወንዝም የጉድጓድም ውሃ አይሆንም። አሲድም አይጨመርም። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ኩራዝም አይቅረበው። አሲዱ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል እያፈሰሱ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ጤና ኬላ መሄድ ነው።

የሞተ ባትሪም ቢሆን ቤት ውስጥ አይቀመጥም። እርሳሱ መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል። ፈልቅቆ ማቅለጥ፣ ሣጥኑንም አጥቦ ለእህል ማስቀመጫ ማድረግ ክፉ ነገር ነው። አዲሱን ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ሳትከፍቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእርሳሱ ሲሉ የሚገዙት ሰዎች አሉ፣ ከአዲሱ ዋጋ ላይም ትንሽ ሊቀነስላችሁ ይችላል።