የጎመን ዘር በአይሮፕላን ሞተር ውስጥ

የጎመን ዘር በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ቅጠሉ ተቀንጥሶ ወጥ ይሠራበታል፤ ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። የዕፀዋት ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ ብራሲካ ካሪናታ ይሉታል፤ በእንግሊዝኛም መገኛው ታስቦ «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ተብሏል። እንግዲህ፥ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ በየጓሮው የምታውቁት ተክል ዛሬ በባሕር ማዶ የምርመራ ቤቶች ውስጥ ስሙ የሚነሣበትን ምክንያት ልንገልጽላችሁ እንወዳለን። ነገሩ የአይሮፕላን ነዳጅ ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።)

አይሮፕላን የሚበርበት ነዳጅ ከድፍድፍ ዘይት ተጣርቶ የሚወጣ፥ በጠባዩ ለላምባ የቀረበ ፈሳሽ ነው። አንድ ኪሎ የዚህ ነዳጅ በተቃጠለ ጊዜ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። አንዱ ኪሎ እንደምን 3 ይሆናል ብሎ የሚደነቅ ቢኖር፥ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ኦክሲጅን ስቦ ስለሚዋሐድ ክብደቱ የሁለቱ ድምር መሆኑን ይረዳ። ይህ ጋዝ ከምድር ወደ ላይ የሚመለሰውን ሙቀት አፍኖ ስለሚያስቀር ዓለም ትሞቃለች። የሰው ልጅ በልዩ ልዩ ሥራው ከሚያወጣው ከዚህ ጋዝ ውስጥ የአይሮፕላኖች ድርሻ 2.5 ከመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ መኪናና ባቡር ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ አይሮፕላን ከነላምባው ስለ ቀረ፥ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል መንግሥታት በ2022 በሞንትሪያል ከተማ ተሰብስበው፥ ከዓለም አቀፍ በረራ የሚወጣው ካርቦን በ2050 የተጣራ ልኩ ዜሮ እንዲሆን የጋራ ግብ አቁመዋል።

አይሮፕላንስ እንደ መኪናው በባትሪ ቢሄድ ምን ይከለክለዋል? የሚከለክለው ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ሲይዝ፥ አንድ ኪሎ የዘመኑ ባትሪ የሚይዘው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሩብ ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከጄት ሞተር ይልቅ ኃይል ቆጣቢ መሆኑ ቢታሰብለትም ልዩነቱ አይሞላም። በዚያውም ላይ ነዳጅ እየተቃጠለ ሲያልቅ አይሮፕላኑ በየሰዓቱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ባትሪ ግን እንደ ተነሣ ያው ክብደቱን ይዞ ያርፋል። በ2020 የአውሮፓ የበረራ ደኅንነት ባለሥልጣን የፈቀደለት በስሎቬንያ የተሠራው የኤሌክትሪክ አይሮፕላን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና በአየር ላይ የሚቆየውም አንድ ሰዓት ያልሞላ ነው። የክብደት ነገር ለእኛ ይብስብናል። የቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከዚህ የሚነሣ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ካለ ጣቢያ እንደሚነሣው ያህል መሸከም አይችልም።

ሃይድሮጅንስ? ኪሎ በኪሎ ሲመዘን ከነዳጅ 3 እጥፍ ያህል ኃይል አለው፤ ሲቃጠልም ካርቦን አያወጣም። ነገር ግን ፈሳሽ ሆኖ እንዲቀመጥ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፥ በዚያም ላይ 4 እጥፍ የሚሰፋ ማከማቻ ይፈልጋል። ሶቪየቶች በ1988 ቱፖሌቭ 155 በተባለው አይሮፕላን አንዱን ሞተር በፈሳሽ ሃይድሮጅን አስነሥተው አብርረዋል፤ ኤርባስ ኩባንያ በበኩሉ በ2035 ለማቅረብ አስቦ የነበረው የሃይድሮጅን አይሮፕላን እንደሚዘገይ በ2025 አስታውቋል። ስለዚህ ለረጅም መንገድ በቅርብ ዘመን የሚደርስልን፥ አይሮፕላኑንም ሞተሩንም ሳይለውጡ ነዳጁን ብቻ መለወጥ ይመስላል።

ወደ ጎመን ዘራችን እንመለስ። ተክል ሲያድግ ካርቦኑን የሚወስደው ከአየር ነው። ከዘይቱ የተሠራ ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣውም ያው ከአየር የተወሰደው ስለ ሆነ፥ ከምድር ሆድ እንደሚወጣው ዘይት አዲስ ጭነት አይጨምርም። ለማዳበሪያው፥ ለእርሻው፥ ለማጣሪያው የሚወጣው ኃይል ግን ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ተመራማሪዎችም ትርፉን በመልካም አያያዝ እስከ 80 ከመቶ ያደርሱታል።

የምግብ ዘይት እንዳለ በሞተር ውስጥ አይገባም። በውስጡ ኦክሲጅን ስላለና በብርድም ስለሚረጋ፥ አስቀድሞ በሃይድሮጅንና በከፍተኛ ግፊት ኦክሲጅኑ ይወገድለታል፤ ቀጥሎም ረጅሙ የካርቦን ሰንሰለት ተሰብሮና ተጣምሞ ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ድረስ የማይረጋ ፈሳሽ ይሆናል። የጎመን ዘር የሚመረጥበት ጠባይ እዚህ ላይ ነው። በዘይቱ ውስጥ ኢሩሲክ አሲድ የተባለው ቅባት ይበዛል፤ የዚህም ሰንሰለት 22 ካርቦን አለው። የአይሮፕላን ነዳጅ ሰንሰለት ከ8 እስከ 16 ካርቦን ያህል ስለ ሆነ፥ 22ቱ ከመካከሉ ቢሰበር ሁለቱም ስባሪ ለነዳጅ ይሆናል።

ነገሩ በወሬ አልቀረም። በኦክቶበር 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ፋልከን 20 የተባለውን ጄት ምንም የድፍድፍ ዘይት ነዳጅ ሳይቀላቀልበት፥ ከጎመን ዘር በወጣ ነዳጅ ብቻ በኦታዋ ሰማይ አብርሯል። ሌላ ጄት ከኋላው እየተከተለ የጭሱን ዓይነት ይለካ ነበር፤ የጥላሸቱም ብናኝ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን መንገደኞችን ሲያሻግር 10 ከመቶ የጎመን ዘር ነዳጅ ቀላቅሎ ነበር።

የጥላሸቱ መቀነስ ከንጽሕና ያለፈ ጥቅም አለው። በሰማይ ላይ አይሮፕላን ሲያልፍ የምታዩት ነጭ መስመር በጥላሸት ቅንጣት ላይ የረጋ በረዶ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ለሰዓታት ቆይቶ እንደ ደመና ሙቀትን ያፍናል። የጀርመን የጠፈር ምርምር ማዕከል ባልደረቦች ከአንድ ኤርባስ 350 ኋላ እየበረሩ ለክተው በ2024 ባወጡት ውጤት፥ ከዘይትና ከቅባት የተሠራ ንጹሕ ነዳጅ የበረዶውን ቅንጣት በ56 ከመቶ መቀነሱን ገልጸዋል። ታዲያ ስለ ምን ሁሉም እስከ ዛሬ ቀላቅሎ ይሞላል? በአሮጌው ነዳጅ ውስጥ ያሉ አሮማቲክ የሚባሉ ውሕዶች የነዳጅ ቧንቧዎችን የጎማ ማሸጊያ አሳብጠው እንዳያፈስስ ያደርጋሉ፤ በሃይድሮጅን የተጣራው ዘይት ግን እነርሱ የሉትም። የካናዳው ነዳጅ ሳይቀላቀል የበረረው በሌላ ዘዴ፥ በጋለና በተጨቆነ ውኃ ተሠርቶ እነዚህ ውሕዶች ስለ ነበሩበት ነው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ዜና ነው። አሁን ግን ከእኛ ጋር አንድ ሒሳብ እንድትሠሩ እንለምናችኋለን። መልካም ማሳ በሔክታር 2 ቶን ያህል ፍሬ ቢሰጥና ከፍሬው 40 ከመቶው ዘይት ቢሆን 800 ኪሎ ዘይት ይገኛል፤ ከዚያም የአይሮፕላን ነዳጅ ሆኖ የሚወጣው በግምት ግማሽ ቶን ነው። አንድ ድሪምላይነር በሰዓት 5 ቶን ያህል ያቃጥላል። እንግዲህ በየሰዓቱ የ10 ሔክታር አዝመራ ይበላል ማለት ነው፤ የ10 ሰዓት ጉዞ 100 ሔክታር፥ ይኸውም በቀድሞው አለካክ ሁለት ጋሻ ተኩል ይፈልጋል። የዓለም አይሮፕላኖች ሁሉ በዓመት የሚያቃጥሉት ደግሞ ወደ 300 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። ይህን ለእርሻ ብቻ መተው እብደት ነው እንላለን።

በፍሎሪዳና በጆርጂያ ያሉ ተመራማሪዎች ተክሉን የሚዘሩት በክረምታቸው፥ ከዋናው አዝመራ በኋላ ባዶውን በሚያድር መሬት ላይ ነው፤ ይህ የማንንም እንጀራ አይቀማም። በእኛ ዘንድ ግን ያው ማሳ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው፤ የምንበላውንም ዘይት አብዛኛውን ከውጭ እየገዛን ነው። ስለዚህ «ዓለም የፈለገው ዘይት በእጃችን ነው» ብሎ የሚቸኩል ቢኖር አስቀድሞ የቤት እመቤቶችን ገበያ ይጠይቅ።

ሆኖም ነገሩን ችላ ማለት አይቻለንም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በአባል አገሮች አይሮፕላን ጣቢያ የሚቀርበው ነዳጅ ከ2025 ጀምሮ 2 ከመቶው አዲሱ ዓይነት መሆን አለበት፤ በ2030 ወደ 6፥ በ2050 ወደ 70 ከመቶ ያድጋል። ዋጋው ደግሞ ከተራው ነዳጅ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በፍራንክፈርት የሚሞላ አይሮፕላን ይህን ዋጋ ይካፈላል፤ ወደብ የሌላት አገር አበባዋንና ሥጋዋን በአየር ስትልክ ጭማሪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ግልጽ ነው። ነዳጁን ከአየር በተያዘ ካርቦንና በኤሌክትሪክ ከውኃ በተለየ ሃይድሮጅን ለመሥራት የሚደረገው ምርምር መሬት አይሻማም፤ ዋጋው ግን ከዘይቱም ይብሳል።

በጎመን ዘር ላይ የሚሠሩ የአገራችን የእርሻ ተመራማሪዎች፥ በተለይ የሆለታ ምርምር ማዕከል፥ «የሎ ዶዶላ» የተባለውን የመሰሉ ዝርያዎች ለገበሬው አቅርበዋል። አሁን በዓለም ላይ የማዳቀሉ ሥራ በሁለት መንገድ ተከፍሏል። ለማዕድ የሚፈለገው ዘር ኢሩሲክ አሲዱ እንዲያንስ፥ ለሞተር የሚፈለገው እንዲበዛ ይደረጋል። ንብ ደግሞ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ታመላልሳለችና፥ ሁለቱን ዓይነት የሚዘራ ገበሬ ማሳዎቹን አራርቆ መዝራት፥ ዘሩንም በየጎተራው ለይቶ ማስቀመጥ ይገባዋል።