ሙቀትም ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው
የቢትኮይን መሣሪያና የጌዴኦ ነጋዴ ሒሳብ

የጌዴኦ ገበሬ ከእንሰቱ የሚጥለው ነገር የለም። ቆጮና ቡላውን ለምግብ ያወጣል፤ ቃጫውን ለገመድ ይፍቃል፤ ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያና ለከብት መኖ ያውላል፤ የቀረው ወደ ማሳው ተመልሶ ከጥላው ሥር ለበቀለው ቡና ማዳበሪያ ይሆናል። ከአባት ከአያት የተወረሰው ይህ የመሬት አያያዝ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረ ጊዜ በዓለም ፊት ተመስክሮለታል። ለነጋዴም ትልቅ ትምህርት አለበት፤ ትርፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላው ሰው ዋጋ የለውም ብሎ ከሚጥለው ነገር ነውና።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ አንድ አዲስ ተረፈ ምርት ነው፤ እርሱም ሙቀት ነው። ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት የሚሠራ መሣሪያ እጅግ ይግላል። ስለዚህ በብርዳም አገሮች፥ «ቤትህን ያሞቃል፤ ወጪውንም ራሱ ይከፍላል» እየተባለ ለየቤቱ ይሸጣል። ይህ ወሬ ወደ እኛም መድረሱ አይቀርምና፥ የዲላ ነጋዴ መሣሪያውን ማስመጣት፥ በሱቁ መሸጥ ወይም በቡና ማድረቂያው አጠገብ መትከል ያዋጣው እንደሆነ አስቀድሞ በቁጥር መመርመር ይገባል።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ የጀመረ፥ በማንኛውም መንግሥት ባንክ የማይታተም ገንዘብ ነው። የሒሳብ መዝገቡ በመላው ዓለም በተበተኑ ኮምፒዩተሮች ይጠበቃል፤ በየ10 ደቂቃው ገደማም አንድ የመዝገብ ገጽ ይዘጋል። ገጹን ለመዝጋት መሣሪያዎች ሁሉ አንድን ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማሉ፤ ቀድሞ ያገኘው አዲስ ገንዘብ ይሸለማል። «ማዕድን ማውጣት» ቢባልም ነገሩ ሎተሪ ይመስላል፤ ብዙ የገመተ ብዙ ዕጣ እንደ ቆረጠ ይቆጠራል። ሽልማቱም ቋሚ አይደለም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል በግማሽ ይቀነሳል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል።

መሣሪያው ራሱ ከጫማ ሣጥን ብዙም የማይበልጥ ነው። ነገር ግን አንትማይነር ኤስ 19 ፕሮ የተባለው፥ በብዛት የታወቀው ዐይነት፥ 3,250 ዋት ኀይል ይወስዳል። ይህም አንድ የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ሲያርፍ መሣሪያው ሌት ተቀን የማያርፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ በቀን 78፥ በወር ደግሞ 2,340 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ማራገቢያዎቹም ብርቱ ጩኸት አላቸው፤ በአጠገቡ የቆሙ ሰዎች ለመነጋገር ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል።

የበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ ረገድ መሣሪያው ከተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይበልጥም፥ አያንስምም። ብልጫው ሙቀቱን እየሰጠ ሳለ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኝ መሆኑ ብቻ ነው።

የብርድ አገር ሒሳብ

በፊንላንድ አገር በሳታኩንታ አውራጃ ማራቶን ዲጂታል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ባለ 2 ሜጋዋት ጣቢያ ተክሎ፥ በመሣሪያዎቹ የሞቀውን ውሃ ለቤቶች ማሞቂያ በተዘረጋው ቧንቧ እንዲገባ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ መሠረት ሙቀቱ የሚደርሰው 11,000 ነዋሪዎች ላሉበት ማኅበረሰብ ነው። እዚያ ሥራው ትርጕም የሚያገኘው ሰዎቹ ከቢትኮይን በፊትም ሙቀት በገንዘባቸው ይገዙ ስለ ነበረና ማስተላለፊያው ቧንቧ አስቀድሞ ስለ ነበረ ነው።

የአንድን ቤት ሒሳብ በምሳሌ እንመልከት። የኤሌክትሪክ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል። መሣሪያው በቀን 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ያስወጣል። በዚያው ቀን 5 ዶላር ቢያገኝ፥ ባለቤቱ የ78 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት በ2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ገዛ ማለት ነው። ተራ ማሞቂያ ቢጠቀም 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሙሉውን ይከፍል ነበርና ተጠቅሟል። ጎረቤቱ ግን ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት የሚያስገባውን ዘመናዊ መሣሪያ ቢተክል፥ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ወደ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ስለሚያደርስለት፥ ያንኑ ሙቀት በ2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ያገኘዋል፤ የገንዘቡ ገበያ ቢወድቅም አያሳስበውም። ሙቀት የማያስፈልገው ሰው ደግሞ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲሙን በየቀኑ በከንቱ ይጥላል።

ከዚህ ሌላ አንድ የሚያስተምር ታሪክ አለ። ካርኖ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፥ ኢተር የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ እያወጣ ክፍል የሚያሞቅ 650 ዋት መሣሪያ በ2,900 ዩሮ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ግን የኢተር መዝገብ አጠባበቁን ለውጦ የመገመቱን ውድድር ጨርሶ አስቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው በመሣሪያ ኀይል ኢተር ማውጣት አልቻለም። የማሞቂያ ዕድሜ ረጅም ሲሆን የገንዘቡ ሕግ ግን በአንድ ቀን ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገሩ በአገራችን

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኀይል ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በመካከሉ ባለው ጊዜ ርካሹን የውሃ ኀይል ያዩ የውጭ ኩባንያዎች፥ ይልቁንም ቻይናውያን፥ ወደ አገራችን መጡ፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ጋር የተዋዋሉት 21 እንደ ደረሱ፥ ዋጋውም በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም እንደ ሆነ ተዘግቧል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ግን መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ኀይል ስለ ሞላ አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን አስታውቋል።

የኩባንያዎቹ ዋጋ በከፍተኛ ኀይል መስመር ለሚገዛ፥ በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል ደንበኛ የተወሰነ ነው። ባለሱቅም ሆነ ባለቤት በቆጣሪው የሚከፍለው በተራው ታሪፍ ነው፤ ይህም ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ «በኢትዮጵያ ኀይል ርካሽ ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሌላውን ሰው ዋጋ ለራሱ የሚያሰላ ሰው ከመጀመሪያው ይሳሳታል።

ሙቀቱ በጌዴኦ ገዢ አለውን?

ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ወይና ደጋ ከተማ ናት። ቤት ማሞቂያ የሚገዛባት ሰው የለም። በቡሌ ደጋ፥ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው አገር፥ የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ቤተ ሰቡ የሚሞቀው እራቱ በሚበስልበት ምድጃ ነው። ለሙቀት ብቻ ብሎ በወር 2,340 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍል የለም።

በጌዴኦ ሙቀት እውነተኛ ዋጋ የሚኖረው በአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። በይርጋ ጨፌ፥ በወናጎ፥ በኮቸሬና በገደብ ያሉ መፈልፈያዎች የታጠበውን ቡና በአልጋ ላይ አስጥተው፥ ከ10 እስከ 15 ቀን ያህል በፀሐይ ያደርቁታል። እርጥበቱ ከ100 እጅ 55 ገደማ ከነበረበት ወደ 11 ወይም 12 መውረድ አለበት። በጥቅምትና በኅዳር ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲወርድ ግን አልጋው በላስቲክ ተሸፍኖ ይከርማል፤ ቡናው ይሻግታል፤ የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ሳምንት ደረጃው ይወርዳል። በእንዲህ ያለው ቀን ሙቀት የሚሸጥ ሰው ቢገኝ አቅራቢው ሳይከራከር ይገዛው ነበር።

እንግዲህ አንዱ መሣሪያ ምን ያህል ቡና ያደርቃል? አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ቢያንስ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያሻል፤ በሥራ ላይ ግን ብዙው ሙቀት ከአየሩ ጋር ስለሚያመልጥ ሁለት እጥፍ ማሰብ ይገባል። በዚህ ስሌት የቀኑ 78 ኪሎዋት ሰዓት 57 ኪሎ ያህል ውሃ ያስወጣል። አንድ ኩንታል እርጥብ የታጠበ ቡና ሲደርቅ 49 ኪሎ ውሃ ያጣል፤ 51 ኪሎ ገደማም ደረቅ ቡና ከነቅርፊቱ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ መሣሪያ በቀን የሚያደርቀው ከ60 ኪሎ ደረቅ ቡና አይበልጥም። በአንድ ወቅት ብዙ ሺህ ኩንታል እሸት ለሚቀበል መፈልፈያ ይህ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ሥራውን ለመሸፈን በመቶ የሚቈጠሩ መሣሪያዎች፥ ለእነርሱም ትራንስፎርመር ያሻል። የታጠበ ቡና ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢሞቅ ጣዕሙ ስለሚጐዳም ትኩሱን አየር እየመጠኑ መላክ ያስፈልጋል።

የጊዜውም ነገር አለ። መሣሪያው ዋጋውን የሚመልሰው ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ ነው፤ ቡናው ግን ሙቀት የሚፈልገው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፥ ያውም ፀሐይ በጠፋባቸው ቀኖች ብቻ ነው። በቀሩት ወራት ሁሉ ሙቀቱ ገዢ የሌለው ሸቀጥ ይሆናል።

በደጃችን ያለው ሙቀት

ነጋዴው ሙቀትን እንደ ሸቀጥ መቍጠር ከጀመረ ግን የቅርቡን ሳያይ የሩቁን መመልከት የለበትም። በዲላ መቀሸሪያዎች አጠገብ ጀንፈል ሲቀሸር የሚወጣው ገለባ ተከምሮ ይታያል። ከጀንፈሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ደረቅ ገለባ በኪሎ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው። እንግዲህ መሣሪያው ሌት ተቀን ሠርቶ የሚሰጠውን 78 ኪሎዋት ሰዓት 18 ኪሎ ገደማ ገለባ ይዞታል፤ የምድጃው ብክነት ግማሽ ቢሆን እንኳ 36 ኪሎ፥ ማለት አንድ ጆንያ ቢሆን ነው። ለእርሱ ዶላር አይከፈልበትም፥ ታሪፍ አይጨመርበትም፥ ሽልማቱም በአራት ዓመት አይቀነስበትም።

ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ጢሱ ቡናውን መንካት የለበትም። ቡና ሽታ ፈጥኖ ይቀበላል፤ የጢስ ሽታ ያለበት የይርጋ ጨፌ ቡና ደግሞ ስሙን ያጣል። ስለዚህ እሳቱ በተዘጋ ምድጃ ነድዶ ጢሱ በጭስ ማውጫ ሲወጣ፥ ንጹሕ አየር በጋለው ብረት ዙሪያ አልፎ ወደ ቡናው እንዲደርስ መደረግ አለበት። ይህን ደግሞ ብረት ሠሪዎቻችን ሊሠሩት የማይችሉት ነገር አይደለም። ፀሐይ ባለባቸው ቀኖች ሥራውን ለፀሐይ መተው፥ ምድጃውንም ለክፉ ቀን ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

መሣሪያውን ለማስመጣት የሚያስብ ካለ፥ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ይመርምር። መጀመሪያ ሕጉን ነው። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑንና በዲጂታል ገንዘብ መገበያየት የተከለከለ መሆኑን አስታውቋል፤ በዚሁ ዓመት ማብቂያም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዚህ ሥራ የተሰማሩትን መመዝገብ ጀምሯል። ስለዚህ ባለሱቅ ሸቀጡን በቢትኮይን ሸጦ መመለስ አይችልም። ሁለተኛው ምንዛሪው ነው። መሣሪያው በዶላር ይገዛል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህም የዶላር ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ ዛሬ የተሰላው ወጪ ለከርሞ አይጸናም። ሦስተኛው የመሣሪያው ዕድሜ ነው። በሌላ አገር ያረጁ መሣሪያዎች በርካሽ የሚሸጡት በአዲሶቹ ተሸንፈው የበሉትን ኀይል ዋጋ መመለስ ስላቃታቸው ነው። በዚያ ያልከፈለ መሣሪያ ኀይሉን በተራ ታሪፍ ለሚገዛ የዲላ ሰው ይከፍላል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው። «የሚከፍል ማሞቂያ» ለሚያቀርብ ሻጭ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት፤ ገንዘቡ ነገ ቢጠፋ ይህን ሙቀት በዚህ ዋጋ እገዛው ነበርን? መልሱ አዎን የሚሆንበት አገር አለ፤ ፊንላንድ አንዱ ነው። በዲላ መልሱ አይደለም ነው። የእኛ ሙቀት በመቀሸሪያው ደጅ በገለባ መልክ ተከምሯል፤ እንሰቱን ሳያባክን የኖረ አገርም ገለባውን ማባከን አይገባውም።