የባዮዲዝል ልማት በጥሬ ዕቃና በውሃ አቅርቦት ይወሰናል

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ጃትሮፋን፣ ጉሎንና ፓልምን የባዮዲዝል ጥሬ ዕቃ አድርጎ ለይቷል።

ከማምረቻ ወጪው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የዘይት ግዥ በመሆኑ፣ የቅባት እህል ዋጋ ሲንር የአምራቹ ትርፍ ይመነምናል። በዚህም ምክንያት በወላይታ ከአርሶ አደሮች ጋር የጉሎ አቅርቦት ውል ተገብቶ ነበር። ሆኖም በወቅቱ በአገሪቱ ከተጀመሩት የጃትሮፋና የጉሎ እርሻዎች አብዛኞቹ አልዘለቁም። ጃትሮፋ ድርቅን ቢቋቋምም በቂ ዝናብ ወይም መስኖ ካላገኘ ፍሬው ያንሳል።

በፋብሪካም ባዮዲዝሉን ከሳሙናና ከግሊሰሪን ለማጥራት የማጠቢያ ውሃ ያስፈልጋል። ፍጆታውን ለመቀነስ አንዳንድ አምራቾች ቆሻሻውን መጥጦ የሚያስቀር ደረቅ ማጣሪያ ይጠቀማሉ። ያገለገለ የምግብ ዘይት መሰብሰብም የእርሻ መሬትና የመስኖ ውሃ ሳይሻማ ጥሬ ዕቃ ያስገኛል።

ተሞክሮው መሬት ከመሰጠቱ አስቀድሞ የሚጠበቀው ምርት፣ የውሃ ምንጩና የአርሶ አደሩ መሸጫ ዋጋ መረጋገጥ እንዳለባቸው ያስገነዝባል።