«ሪድል»፦ የአንድ ቃል አመጣጥና ትርጉም

በሥነ ቃል ጥናት ውስጥ «እንቆቅልሽ» ለሚለው ቃል የእንግሊዝኛ አቻ ሆኖ የሚጠቀሰው «ሪድል» ነው። ተማሪዎች የማሟያ ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ ይህን አቻ እንደ ቀላል ነገር አስቀምጠው ያልፋሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ፈጽሟል። «ሪድል» በእንግሊዝኛ ወንፊት ማለትም ስለሆነ፣ «እንቆቅልሽ ዐዋቂውን ከማያውቀው የሚለይ ወንፊት ነው፤ የቃሉም አመጣጥ ይኸው ነው» እያለ በክፍል ውስጥ ለዓመታት አስተምሯል። ማብራሪያው ያማረ ነበር፤ እውነት ግን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ማረምና ከእርማቱ የሚገኘውን ትምህርት ማሳየት ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ሬደልስ» ይባል ነበር። የተገኘውም «ሬዳን» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙ መምከር፣ መገመት፣ የተሰወረን ነገር መተርጐም ነው። የጀርመንኛው ዘመድ «ራተን» እስከ ዛሬ መምከርንም መገመትንም ያመለክታል፤ እንቆቅልሽም በጀርመንኛ «ሬትሰል»፣ በሆላንድኛ «ራድሰል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1016 የሞተው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤተልሬድ ስሙ «ክቡር ምክር» ማለት ሲሆን፣ በስሙ ላይ በመቀለድ የወጣለት ቅጽል «ምክር የጐደለው» የሚል ነበር። የኋላ ሰዎች የጥንቱን ቃል ባለማወቃቸው ቅጽሉን «ያልተዘጋጀው» ወደሚል ትርጉም ወሰዱት። በእንግሊዝኛ ይኸው ግሥ ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ ዞረና የዛሬው «ሪድ»፣ ማለትም «አነበበ» ሆነ። እንግዲህ እንቆቅልሽና ንባብ በእንግሊዝኛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በ«ሬደልስ» መጨረሻ ላይ የነበረው «ስ» የት ደረሰ? እንግሊዝኛ ብዙ ቍጥርን በዚሁ ድምፅ ስለሚያመለክት፣ ተናጋሪዎች ቃሉን ብዙ ቍጥር መስሏቸው «ስ»ን አስወግደው ነጠላ አበጁለት። አተር ማለት የሆነው «ፒዝ» ወደ «ፒ» የተለወጠውም በዚሁ መንገድ ነው።

ወንፊት የሆነው «ሪድል» ግን ሌላ ምንጭ አለው። ጥንታዊ ቅርጹ በ«ህ» የሚጀምር «ህሪደል» ሲሆን፣ ከላቲኑ «ክሪብሩም» (ወንፊት) ጋር ይዛመዳል። የሥሩ ፍቺ መለየት፣ ማጥለል ነው። «ለየ፣ ፈረደ» የሚለው የግሪክኛ ግሥ «ክሪኔይን» ከዚሁ ሥር የወጣ ሲሆን፣ ሐያሲ የሚባልበት «ክሪቲክ» የሚለው ቃልም የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ስለዚህ ወንፊቱ የእንቆቅልሽ ዘመድ ባይሆንም የሒስ ዘመድ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ የተገናኙት «ህ» እና «ስ» ከወደቁ በኋላ ነው። የድምፅ መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ወደ አገልግሎቱ ስንመጣ፣ በእንግሊዝ አገር «ሪድል» የልጆች ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ10ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1072 የሞተው ጳጳስ ሌኦፍሪክ ለኤክሰተር ካቴድራል የሰጠው መጽሐፍ ከ90 በላይ የግጥም እንቆቅልሾች ይዟል፤ መልስ ግን አልተጻፈላቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሶምሶን ለፍልስጥኤማውያን ያቀረበው ነገር «ሪድል» ሲባል፣ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን የፈተነችበት «ከባድ ጥያቄዎች» ተብሏል። በዕብራይስጡ ግን በሁለቱም ቦታ ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ሒዳ»። የአቻ ቃል ምርጫ ምን ያህል ነገር እንደሚሰውር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ንግሥቲቱ እንቆቅልሽ ጠያቂ መሆኗ በትርጉሙ ውስጥ ተሰውሯልና።

በአማርኛ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይመለሳል፤ ተጠያቂው ወንድ ከሆነ «እንቆቅልህ» ይባላል። ያልቻለውም አገር ይሰጣል። ስለ መልሱ የምንጠቀምበት ግሥ ግን «ፈታ» ነው፤ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፣ ቋጠሮም ይፈታል። እንግሊዝኛው እንቆቅልሽን በምክር ሲያይ አማርኛው በቋጠሮ ያየዋል። ሆኖም እንግሊዝኛው ከመተርጐም ወደ ንባብ እንደ ተሻገረ ሁሉ፣ አማርኛውም እንቆቅልሽንና ቅኔን በአንድ ግሥ አስተሳስሯል። ስለዚህ እንቆቅልሽን «የልጆች ማምሻ» ብሎ ከሥነ ጽሑፍ ጥናት ዳር ማስቀመጥ በገዛ ቋንቋችን ምስክርነት ላይ መፍረድ ነው። ተማሪዎችም የ«እንቆቅልሽ»ን ሥር ሲፈልጉ፣ የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ያሳሳተውን ዓይነት ያማረ መመሳሰል ሲያገኙ ቆም ብለው የጥንት ቅርጾችን ይመርምሩ።

ከኤክሰተር እንቆቅልሾች አንዱ የጠቢባንን ቃል ስለሚበላ፣ በልቶ ግን ከቀድሞው ቅንጣት ስለማይበልጥ ፍጡር ይናገራል። ፍቺው የመጽሐፍ ብል ነው። ሳይፈቱ ማንበብ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።