ቮልስ ላይ ትልቅ ፒስተን ከመግጠማችሁ በፊት

የቮልስ ሞተር ጉልበት እንዲጨምር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ሰፊ ፒስተንና ሲሊንደር መግጠም ነው። ያስኬዳል። ግን ፒስተኑ ሲሰፋ ሳናስበው አብሮ የሚያድግ አንድ ቁጥር አለ፤ የኮምፕሬሽን ሬሾ።

ፒስተኑ ታች ሲሆን ከላዩ ያለው ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ በሚቀረው ቦታ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። በ1600ው የቮልስ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 69 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይጠርጋል ማለት ነው። ሬሾው 7.5 ከሆነ ጫፍ ላይ የሚቀረው 61 ሲሲ ነው።

አሁን ስፋቱን 92 እናድርገው። ጉዞው ሳይነካ የሚጠረገው 459 ሲሲ ይሆናል። የሚቀረው ቦታ ግን አይገመትም፣ ይለካል። ቴስታታውን ገልብጣችሁ፣ ካንዴላውን አስራችሁና ቫልቮቹን ዘግታችሁ፣ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ በግሪስ ትለጥፉበታላችሁ። ከዚያ በስሪንጅ ነጭ ጋዝ እስኪሞላ መጨመር ነው። 50 ሲሲ ወሰደ እንበል። ፒስተኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ከንፈር 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ይህ ክፍተት 6.6 ሲሲ ይጨምራል። ድምሩ 56.6 ነው። ስለዚህ፦

(459 + 56.6) ÷ 56.6 = 9.1

9.1 ለድሬዳዋ በእኔ ግምት ብዙ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በራሱ ይነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ቮልስ ደግሞ ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ የለውም። አዲስ አበባ ላይ በደንብ የሚሠራ ሞተር ድሬ ሲወርድ ሊያንኳኳ የሚችለውም ለዚህ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ሲወረድ የአየሩ ግፊት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ሙቀቱም አለ። የደንገጎ ዳገት ላይማ ይብሳል። ማራገቢያው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር፣ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር በጣም ንፋስ በሚያስፈልገው ሰዓት የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ሬሾውን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ። ከሲሊንደሩ ስር ቀለበት አስገብቶ ክፍተቱን 2.2 ሚሊ ሜትር ማድረግ፣ ወይም የቴስታታውን ጎድጓዳ ፍቆ 58 ሲሲ ማድረስ። ሁለቱም 8.1 ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ግን አየርና ቤንዚኑን የሚያማታውን ጠባብ ክፍተት ያጠፋል። እኔ መፋቁን እመርጣለሁ።

ብቻ አራቱንም ለኩ። አንዱ 54 ላይ ከቀረ የእሱ ሬሾ 8.6 ነው፤ ሌሎቹ ዝም ሲሉ እሱ ያንኳኳል። በተለይ 3ኛውን ሲሊንደር ደግማችሁ እዩ፤ በቆዩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ቆሞ ንፋሱን ይጋርድበታል።