በጋራ ሰርቨር ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ እንዴት ይታወቃል?

በጅቡቲ ከተማ፥ በባልባላ ሠፈር፥ አራት ቤተሰቦች በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ይጠቀማሉ እንበል። በሐሩሩ ወራት ሒሳቡ ሲያሻቅብ ቆጣሪው ጠቅላላውን እንጂ የእያንዳንዱን ድርሻ አይናገርም። ፍሪጅ ያለው ዝም ሲል ቬንቲሌተር ብቻ ያለው ሊወቀስ ይችላል።

ብዙ ዳታቤዞች በአንድ ሰርቨር ሲቀመጡም ችግሩ ይኸው ነው። ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ሲሆን፥ ዳታቤዝ በሥርዓት የተደራጀ የመረጃ መዝገብ ነው። የፈተና ውጤትና የደመወዝ መዝገቦች አንድ ፕሮሰሰር ይጋራሉ እንበል። ውጤት በሚወጣበት ቀን ሥራው ቢንቀረፈፍ ጫናው የማን እንደሆነ ሳይለኩ የውጤቱን መዝገብ መዝጋት፥ ተማሪውን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ይሆናል።

ልኬቱን እንመልከት። እንደ ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ያለ ፕሮግራም፥ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች የወሰዱትን የፕሮሰሰር ጊዜ እየደመረ ይመዘግባል። ይህ እንደ ቆጣሪ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ድምር ስለሆነ፥ ሁለት ጊዜ አንብቦ መቀነስ ያስፈልጋል።

ምሳሌ፦ አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር በ10 ደቂቃ ውስጥ 4 × 600 = 2400 ሴኮንድ የሚሆን ሥራ ይችላል። የደመወዙ ንባብ ከ9000 ወደ 10200 ቢያድግ ልዩነቱ 1200 ሴኮንድ፥ ማለትም 50 በመቶ ነው። የውጤቱ ከ30000 ወደ 30240 ቢያድግ 10 በመቶ ብቻ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው በውጤቱ መዝገብ ላይ በፈረደ ነበር።

ሆኖም ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል፦

ሀ/ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከጊዜያዊው ማኅደር የወጣ ጥያቄም ሒሳቡ አብሮት ይጠፋል።

ለ/ አንድ ጥያቄ የቆየበት ጊዜና ፕሮሰሰሩ የሠራበት ጊዜ ይለያያሉ፤ ዲስክ ሲጠብቅ የዋለ ጥያቄ ፕሮሰሰሩን እምብዛም አልነካም።

ሐ/ ከሁለት ዳታቤዞች ያነበበ ጥያቄ ሒሳቡ በአንዱ ስም ብቻ ሊጻፍ ይችላል።

ስለዚህ ውጤቱን ከማሽኑ ጠቅላላ ንባብ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ማሽኑ 70 በመቶ ቢያሳይ፥ ከላይ ያገኘነው 60 ስለሆነ፥ ቀሪው 10 የሌሎች ፕሮግራሞች ወይም ያልተመዘገቡ ጥያቄዎች ነው።

ባለ ድርሻው ከታወቀ በኋላ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከባዱን የደመወዝ ሥራ ወደ ሌሊት ማዛወር ወይም ጥያቄውን ማስተካከል ይቻላል። የሒሳብ መምህራንም ይህን ምሳሌ ለመቶኛ ትምህርት ቢጠቀሙበት፥ ተማሪዎች ከመፍረድ በፊት መለካትን ይለምዳሉ።