ማስታመም በቤት ነው

የታመመ ሕፃን ሆስፒታል ገብቶ ሲሻለው የቤተሰቡ ደስታ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ሕፃኑን የሚጠብቀው ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ሌሊቱን ነቅቶ ትኩሳቱን የሚዳስስ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያጠጣ፣ ምግብ እንቢ ሲል አባብሎ የሚያጎርስ የቤቱ ሰው ነው። አባት በግዳጅ ላይ ሆኖ ሲርቅ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእናት ወይም በአያት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ታዲያ አስታማሚዋን ማን ይርዳት? ለዚህ ጥያቄ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የተገኘውን መልስ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደናል።

ሐኪምም ካህንም የነበሩት አሜሪካዊው አባ አንጀሎ ዳጎስቲኖ፣ ከአየርላንዳዊቷ መነኩሲት ከሜሪ ኦዌንስ ጋር ሆነው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ኤችአይቪ በደማቸው ለሚገኝ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። ስሙንም «ንዩምባኒ» አሉት፤ በስዋሂሊ ቋንቋ «በቤት» ማለት ነው። ዳሩ ግን ማሳደጊያው የሚያኖረው አንድ መቶ ያህል ልጆችን ሲሆን፣ በከተማይቱ የድሆች መንደሮች የነበሩት ሕሙማን ሕፃናት ከዚህ እጅግ የበዙ ነበሩ። ልጅን ከዘመዶቹ መለየትም የራሱ ጉዳት አለው።

በመሆኑም በ1998 «ሌያ ቶቶ»፣ ማለትም «ልጅን አሳድግ» የተባለው ሥራ ተጀመረ። በካንጌሚ፣ በኪቤራ፣ በዳንዶራና በሌሎችም መንደሮች ነርሶች ከመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ወደየቤቱ መግባት ያዙ። ሥራቸው አሳዳጊዋን ተክቶ ማስታመም ሳይሆን እርሷን ማስተማርና ማበርታት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበሽታው መድኃኒት ለድሃው ስላልደረሰ፣ ማስታመም ማለት ቁስል ማጠብ፣ ተቅማጥን ማስታገሥ፣ ሕፃኑን መመገብና ሥቃዩን መቀነስ ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ግን ዋናው ነገር ሰዓት ማክበር ሆነ፤ በየጊዜው የሚቋረጥ መድኃኒት ቫይረሱ እንዲለምደውና ኃይሉን እንዲያጣ ያደርጋልና። አባ ዳጎስቲኖ በ2006 ቢያርፉም ሥራቸው ከእርሳቸው በኋላ ቀጥሏል።

በአገራችንም በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በዚሁ ሐሳብ የተመሠረተ ነው። የሠለጠኑ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ያስተምራሉ።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገርም አለ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ለምለም» የተባለውን ንጥረ ነገር በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ይገባል። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ መቀጠል እንጂ መተው አይገባም፤ ጡትም አይቋረጥበትም። መጠጣት ሲሳነው፣ ትንፋሹ ሲፈጥን ወይም ሰውነቱ ሲንዘፈዘፍ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የግድ ነው።

ጎረቤትም ድርሻ አለው። አስታማሚዋ ጥቂት እንድታሸልብ ለአንድ ሰዓት ሕፃኑን መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ መድኃኒት ማምጣት ገንዘብ የማይጠይቅ እርዳታ ነው። የታመመው ሕፃን የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ልጅ መሆኑን በተግባር ልናሳይ ይገባል እንላለን።